የድሮ ዲዩአይ በሌላ ስቴት እያለ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

አንድ ሰው ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በፊት ኔቫዳ ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘ፤ ዲዩአይ የሚሉት ይህን ነው። ተፈረደበት። ከዚያ ስቴት ቀየረ፣ ሥራ ያዘ፣ ልጆች ወለደ። ዛሬ ቨርጂኒያ ሆኖ ላይሰንስ (መንጃ ፈቃድ) ሊያወጣ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ሲሄድ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «ሌላ ስቴት ውስጥ እገዳ አለብህ፣ ልሰጥህ አልችልም» ትለዋለች።

ከዚያ በኋላ ምክር ይጎርፋል። አንዱ «ሎየር ያዝ» ይላል። ሌላው «10 ዓመት ካለፈው ራሱ ይጠፋል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ጆርጂያ ሄደህ አውጣ፣ እዚያ አያዩም» ብሎ በልበ ሙሉነት ይመክራል። ሁሉም የሚያወራው ስለራሱ ወይም ስለጓደኛው ጉዳይ ነው። የእናንተ ጉዳይ ግን የሌላ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕጉም በየስቴቱ ይለያያል። ግን የትኛው በር እንደሚንኳኳ ካወቃችሁ ከግማሽ በላይ ሄዳችኋል።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ማንኛውም ስቴት ላይሰንስ ከመስጠቱ በፊት ናሽናል ድራይቨር ሬጂስተር የሚባለውን የፌዴራል መዝገብ ያያል። 50ዎቹም ስቴቶችና ዲሲ እዚህ ውስጥ አሉ። መዝገቡ ዝርዝር ታሪክ አይዝም። ስም፣ የትውልድ ቀንና «ስለዚህ ሰው ኔቫዳን ጠይቁ» የሚል ጥቆማ ነው ያለው። ዝርዝሩ ያለው ኔቫዳ ዘንድ ነው። ኔቫዳ «ገና አልጨረሰም» ካለች አዲሱ ስቴት እጁን ይሰበስባል።

ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለችውን ሠራተኛ መጨቅጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ቋጠሮው የታሰረው ኔቫዳ ነው፤ የሚፈታውም እዚያው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳያውቅ አሁን በሚኖርበት ስቴት ጠበቃ ቀጥሮ፣ የአልኮል ትምህርት (ክላስ) ተመዝግቦ፣ ኢንሹራንስ ገዝቶ ነው።

የጆርጂያው ወሬ ከየት መጣ? ድራይቨር ላይሰንስ ኮምፓክት የሚባል፣ ስቴቶች ስለ ሹፌሮች ጥፋት መረጃ የሚለዋወጡበት ስምምነት አለ። ጆርጂያ፣ ሚሺጋን፣ ማሳቹሴትስ፣ ቴነሲና ዊስኮንሲን የዚህ ስምምነት አባል አይደሉም። ይህ እውነት ነው። የፌዴራሉ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነሱም ያዩታል። ስለዚህ አትላንታ ድረስ መሄዱ ለዘመድ ጥየቃ ካልሆነ አይጠቅምም።

«እኔ እኮ የኔቫዳ ላይሰንስ ኖሮኝ አያውቅም» የሚልም አለ። ምንም ለውጥ የለውም። ስቴቱ የሚያግደው ካርዱን ብቻ ሳይሆን እዚያ የመንዳት መብታችሁን ነው። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ መንዳት ወይም ከአዲስ አበባ ኢንተርናሽናል ፈቃድ ማስላክም መውጫ አይሆንም። አሜሪካ ነዋሪ ከሆናችሁ የምትኖሩበት ስቴት የራሱን ላይሰንስ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ኮርትና ዲኤምቪ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ኮርቱ ቅጣት ይጥላል። ዲኤምቪ ደግሞ በራሱ ሥልጣን፣ የደም አልኮል 0.08 በመድረሱ ወይም ትንፋሽ ለመስጠት እምቢ በመባሉ ብቻ፣ ያግዳል። ኮርት የጨረሰ ሰው «ሁሉንም ከፍያለሁ» ብሎ ይሄዳል። የዲኤምቪው እገዳ ግን ማንሻ ክፍያ ስላልተከፈለበት እንደተቀመጠ ይቆያል። በተቃራኒው፣ ሪከርዱን በኮርት ያስጠረገ ሰውም የዲኤምቪው እገዳ አብሮ አይነሳለትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ በግልጽ የተጻፈ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ በፊት፦ መንገዱ የድሮውን እገዳ በእርግጥ ያነሳል ወይስ ዙሪያውን ያዞራል? ይህን ካላለፈ ሌላውን መመዘን አያስፈልግም። ቀጥሎ፣ ካላችሁበት ሳትነሱ ይጨርሳል ወይ? ሥራ ላለው ሰው ይህ ከጠበቃ ዋጋ ይበልጣል። ሦስተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው፤ ማመልከቻው ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚከፈለው ኢንሹራንስም ይቆጠራል። አራተኛው ጊዜ ነው። የመጨረሻው ሌላ ጣጣ ያመጣ እንደሆነ ነው፦ ኢሚግሬሽን፣ የሥራ ፈቃድ፣ የቆየ የእስር ማዘዣ።

ከመምረጣችሁ በፊት የሚሠራ፣ ከሞላ ጎደል ነጻ የሆነ ሥራ

ዲኤምቪ «አይሆንም» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። የትኛው ስቴት እንደከለከለና የስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ አትመው ይሰጧችኋል። ከዚያ ለድሮው ስቴት ደውሉና ከስቴት ውጪ የሚኖሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በስልክ ያገናኛሉ፣ ክፍያም የለውም።

የሚጠየቀው ይህ ነው፦ በስሜ ስንት እገዳ አለ? (አንድ ብቻ ነው ብላችሁ አትገምቱ።) እያንዳንዱን ለማንሳት ምን ቀረኝ? እዚህ ሆኜ ልጨርሰው እችላለሁ ወይስ መምጣት አለብኝ? ስጨርስስ ማጽጃ ደብዳቤ (እገዳው መነሳቱን የሚገልጽ) ትልካላችሁ ወይስ በኮምፒውተር ብቻ ነው የሚስተካከለው? የሚነግሯችሁን ከቀኑና ከሰውየው ስም ጋር ጻፉት። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይላችኋልና።

የትኛው ስቴት እንደሆነ ራሱ የማታስታውሱ ከሆነ (ትራክ ሲነዳ የኖረ ሰው ይህ ሊገጥመው ይችላል) ለፌዴራሉ መዝገብ በፖስታ ጽፋችሁ የራሳችሁን ፋይል መጠየቅ ትችላላችሁ። ደብዳቤው ኖተራይዝድ (ፊርማው በኖተሪ የተረጋገጠ) መሆን አለበት። መዝገቡ ክፍያ አይጠይቅም። የሚነግራችሁ የትኛው ስቴት እንደጠቆመባችሁ ነው።

እኛ ላይ ብቻ የሚደርስ ነገርም አለ። በስደት የመጣ ስንቱ አበሻ ነው «ጃንዋሪ 1» የተወለደ? አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው፣ ሁለቱም ጃንዋሪ 1 የተባሉ ሰዎች መዝገብ ላይ ሊምታቱ ይችላሉ። የአያት ስም አንዴ የመጨረሻ ስም፣ አንዴ የመሀል ስም ሆኖ መግባቱም ችግሩን ያባብሰዋል። በጭራሽ ባልሄዳችሁበት ስቴት እገዳ አለባችሁ ከተባላችሁ ክላስ ለመመዝገብ አትሩጡ። መጀመሪያ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የመጨረሻ አሃዞች፣ ቁመቱንና የተያዘበትን ቀን አመሳክሩ። የእናንተ ካልሆነ ያ ስቴት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ።

መንገድ አንድ፦ የቀረውን ራስ በስልክና በፖስታ መጨረስ

የቀረባችሁ ክፍያ፣ የክላስ ወረቀት ወይም የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ብቻ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ጠበቃ አያስፈልግም። ክፍያው ከስቴት ስቴት ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለአዋቂ የአልኮል እገዳ ማንሻ 125 ዶላር ትጠይቃለች። ኢሊኖይ በዲዩአይ ለተሻረ ላይሰንስ 500 ዶላር ነው።

ክላሱ ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ስቴት በምትኖሩበት አካባቢ የወሰዳችሁትን ይቀበላል። ለምሳሌ የቨርጂኒያው ቪኤስኤፒ የሚባለው የአልኮል ፕሮግራም ሌላ ስቴት ለሚኖር ሰው ተመጣጣኝ ፕሮግራም እዚያው እንዲወስድ ያመቻቻል። ካሊፎርኒያ ግን ራሷ ፈቃድ የሰጠችውን ፕሮግራም ብቻ ነው የምትቀበለው። ሜሪላንድ ተቀምጣችሁ ገንዘብና ወራት ያፈሰሳችሁበት ክላስ ለካሊፎርኒያ ዋጋ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ክላሱን እንደሚቀበሉ በጽሑፍ አስረግጡ። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ ፈጣን ክላሶች ላይ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ።

ኤስአር-22 የሚሉት ነገር ኢንሹራንስ አይደለም። የኢንሹራንስ ድርጅታችሁ ለስቴቱ «ይህ ሰው ኢንሹራንስ አለው» ብሎ የሚልከው ወረቀት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። ከተቋረጠ ድርጅቱ ለስቴቱ ያሳውቃል፤ እገዳው ይመለሳል። መኪና ከሌላችሁም ባለመኪና ላልሆነ ሰው የሚሸጥ ኢንሹራንስ አለ፤ ረከስ ይላል። ዋናው ጥያቄ ድርጅቱ ለድሮው ስቴት ወረቀቱን መላክ ይችላል ወይ ነው። ሁሉም አይልኩም። ይህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ፍሎሪዳና ቨርጂኒያ ከዚህ የከበደ ኤፍአር-44 የሚባል አላቸው። ፍሎሪዳ ለአንድ ሰው ጉዳት 100,000፣ ለአንድ አደጋ 300,000፣ ለንብረት 50,000 ዶላር ሽፋን ትጠይቃለች። በወር የሚከፈለው ሲታሰብ የማመልከቻው ክፍያ ከቁጥር አይገባም። በጀት ስታወጡ ከዚህ ጀምሩ።

ከድሮው ስቴት ጋር ስታወሩ ሕጉ ተቀይሮ እንደሆነም ጠይቁ። ቴክሳስ ዲዩአይ ላይ በየዓመቱ ትጭን የነበረውን ተጨማሪ ክፍያ ከሴፕቴምበር 1፣ 2019 ጀምሮ ሰርዛለች፤ የተጠራቀመ ዕዳውም ወድቋል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2020 ወዲህ የኮርት ቅጣት ባለመከፈሉ ብቻ ላይሰንስ አታግድም። በዚህ ዕዳ ፈርቶ ዓመታት ዝም ያለ ሰው ዛሬ ቢደውል የቀረው ከገመተው ያነሰ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

መንገድ ሁለት፦ ከስቴት ውጪ ለሚኖር ሰው የተሠራ ልዩ አሠራር

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ብዙ ጊዜ ግን ትልቁ መፍትሔ ይህ ነው።

ካሊፎርኒያ «1650 ዌቨር» የሚባል አላት። ሌላ ስቴት የሚኖር ሰው የካሊፎርኒያውን ክላስ ሳይጨርስ እገዳው እንዲነሳለት የሚያስችል ነው። ሳክራሜንቶ ላለው ማንዳቶሪ አክሽንስ ዩኒት ለሚባለው የዲኤምቪ ክፍል ደውላችሁ ፓኬቱ በፖስታ እንዲላክላችሁ ትጠይቃላችሁ። ነዋሪነታችሁ ሌላ ስቴት እንደሆነ ታስረዳላችሁ። የእገዳው ጊዜ ራሱ ማለቅ አለበት። ሁለት ነገር ግን አለው። በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ደግሞም በ3 ዓመት ውስጥ ካሊፎርኒያ ተመልሳችሁ ላይሰንስ ከፈለጋችሁ ክላሱ ይጠብቃችኋል። ኦክላንድ ወይም ሎስ አንጀለስ የመመለስ ሐሳብ ያለው ሰው አስቀድሞ ያስብበት።

ኢሊኖይ ደግሞ የተሻረ ላይሰንስ ያለ ችሎት አትመልስም። ስቴት ውስጥ የሚኖር ሰው ቀርቦ ይጠየቃል። ሌላ ስቴት ለሚኖር ግን በወረቀት የሚታይ የማመልከቻ ፓኬት አላት። ዋናው ነገር የአልኮል ምርመራው ነው። ባለሙያው አነስተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍ ያለ ወይም ከፍተኛ አደጋ ብሎ ይመድባችኋል። በዚያ መሠረት የክላስና የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል። እዚህ ጋ ሰው የሚወድቀው መልሱ እርስ በርሱ ሲጋጭ ነው። በተያዘበት ጊዜ ለፖሊስ «ሁለት ቢራ ነው የጠጣሁት» ብሎ፣ ለባለሙያው «አራት» ብሎ፣ ማመልከቻው ላይ «አልጠጣም ነበር» ብሎ የጻፈ ሰው አይታመንም። የድሮውን የፖሊስ ሪፖርት አስወጥታችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ምርመራ ግቡ።

ሚሺጋን ከሁሉም ትከብዳለች። በ7 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው ላይሰንሱ ይሻራል፤ ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይመለስም። ውጪ የሚኖር ሰው በወረቀት ማመልከት ይችላል። የአልኮል አጠቃቀም ምርመራ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና ከሚያውቋችሁ ሰዎች ከ3 እስከ 6 ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤው ላይ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ «ጥሩ ሰው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል» ብሎ ያበቃል። የሚፈለገው ሌላ ነው፦ ጸሐፊው በስንት ጊዜ ያገኛችኋል፣ መጨረሻ ስትጠጡ ያየው መቼ ነው፣ ሠርግና ማኅበር ላይ መጠጥ ሲቀርብ ምን ታደርጋላችሁ። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ እንደገና ለመሞከር አንድ ዓመት መጠበቅ ሊመጣ ስለሚችል በችኮላ አይላክም።

መንገድ ሦስት፦ ጠበቃ መያዝ

ጠበቃው የድሮው ስቴት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። በአማርኛ ሬዲዮ የሚያስተዋውቀው የሲልቨር ስፕሪንግ ጠበቃ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ኔቫዳ ኮርት ፈቃድ ከሌለው አይቆምላችሁም።

ጠበቃ በእርግጥ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አሉ። ኮርት ሳትቀርቡ ከሄዳችሁና የእስር ማዘዣ ካለ አንዱ ነው። በብዙ ስቴት ቀላል ወንጀል ከሆነ ጠበቃው እናንተን ተክቶ ቀርቦ ማዘዣውን ሊያስነሳ ይችላል። ሳይጣራ ወደዚያ ስቴት መብረር ኤርፖርት ላይ መያዝን ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ ከአንድ በላይ ዲዩአይ ወይም የተጎዳ ሰው ካለ ነው። ሦስተኛው፣ የኢሊኖይና የሚሺጋን ዓይነት ማመልከቻ አንዴ ውድቅ ከተደረገባችሁ ነው። አራተኛው፣ ዜግነት ካላገኛችሁ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በሺህ ዶላሮች ነው። «ጠቅላላ ስንት?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። በሰዓት የሚያስከፍል ከሆነ ጣሪያ ይቀመጥለት። ሌላም ጠይቁ፦ «የምትሠራልኝ ኮርቱን ነው፣ ዲኤምቪውን ነው ወይስ ሁለቱንም?» ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠበቃው የኮርቱን ጨርሶ ገንዘቡን ይቀበላል፣ የዲኤምቪው እገዳ እንዳለ ይቀራል፣ ሁለቱም ወገን ትክክል ነኝ ይላል።

ታክስ የሚሠሩልን፣ ፎርም የሚሞሉልን የመልቲ ሰርቪስ ቢሮዎችስ? ፎርም ለመተርጎም፣ ኖተራይዝ ለማድረግ፣ ፋክስ ለመላክ ጥሩ ናቸው። «ይህን መልስ፣ ያን አትጥቀስ» ማለት ከጀመሩ ግን ተነሱና ውጡ።

መንገድ አራት፦ ራስ ሄዶ መጨረስ

ጉዞው የሚያዋጣው ስቴቱ በአካል መቅረብ ግዴታ ካደረገ፣ ወይም የቀረው አጭር ነገር ሆኖ ዘመድ ቤት ማረፍ ከቻላችሁ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ማዘዣ እንደሌለ አጣሩ። ቀጠሮ ያዙ። እዚያ ደርሳችሁ መኪና እንዳትይዙ፤ ታግዶ መንዳት ራሱ አዲስ ወንጀል ነው።

መንገድ አምስት፦ አዲሱን ስቴት መጠየቅ

የስቴቶቹ ስምምነት በሌላ ስቴት ላይሰንሱ የተሻረ ሰው አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ሕጉ ከፈቀደለት አዲስ ላይሰንስ ሊያመለክት እንደሚችል ይላል። ስለዚህ ችሎት ወይም ለሥራ ብቻ የሚሆን የተገደበ ፈቃድ መጠየቅ ክልክል አይደለም። በተግባር ግን አብዛኞቹ የድሮውን ስቴት ማጽጃ ያስቀድማሉ። እኔ ይህን የምመክረው የድሮው በር ሙሉ በሙሉ ለተዘጋበት ሰው ብቻ ነው።

መንገድ ስድስት፦ መጠበቅ

አይሠራም። ሰው የሚያምታታው ሪከርዱና እገዳው ነው። ዲዩአይ ካሊፎርኒያ መዝገብ ላይ 10 ዓመት፣ ቨርጂኒያ 11 ዓመት ይቆያል፤ ፍሎሪዳ 75 ዓመት። ያ ለኢንሹራንስ ዋጋና ለድጋሚ ጥፋት ቅጣት ነው የሚያገለግለው። ያልተፈጸመ ግዴታ ግን እስኪፈጸም ይቀመጣል። «እስካሁን በላይሰንሴ ስነዳ ነበር» የሚል ሰውም ሲያሳድስ ሊይዘው ይችላል።

ማመልከቻ ላይ «ሌላ ስቴት ታግጄ አላውቅም» ብሎ መፈረም ወይም ስም አገላብጦ መሞከርም መንገድ አይባልም። ሪል አይዲ (የፌዴራል መስፈርት ያሟላ መታወቂያ) ከመጣ ወዲህ ስቴቶች እርስ በርስ የሚተያዩበት ሁኔታ ጠብቋል። የሐሰት ፊርማው ከድሮው ዲዩአይ የባሰ ክስ ይሆናል።

| መንገድ | እገዳውን ያነሳል? | ጉዞ | ወጪ | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| ራስ በስልክና በፖስታ | የቀረው ክፍያና ወረቀት ከሆነ አዎ | የለም | ዝቅተኛ፣ ኢንሹራንሱ ሲቀር | ከሳምንታት እስከ ወራት |
| ለውጪ ነዋሪ የተሠራ አሠራር | ስቴቱ ካለው አዎ | አብዛኛውን ጊዜ የለም | መካከለኛ | ወራት |
| የድሮው ስቴት ጠበቃ | ኮርቱንም ዲኤምቪውንም ከያዘ አዎ | ብዙ ጊዜ የለም | ከፍተኛ | እንደ ጉዳዩ |
| ራስ መሄድ | አዎ፣ የቀረው እዚያ የሚያልቅ ከሆነ | አለ | ቲኬትና የቀረ ሥራ | አጭር ሊሆን ይችላል |
| አዲሱን ስቴት መጠየቅ | አያነሳም፣ አልፎ አልፎ ያሻግራል | የለም | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | የማይገመት |
| መጠበቅ | አያነሳም | የለም | አሁን ዜሮ፣ በኋላ ብዙ | ማብቂያ የለውም |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

*በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው።* አንድ ዲዩአይ ብቻ ካለ፣ የተጎዳ ሰው ከሌለና ኮርቱን ከጨረሳችሁ በመንገድ አንድ ጀምሩ። እስኪያልቅ ድረስ የስቴት መታወቂያ አውጡ፤ እገዳው መታወቂያ አይከለክልም። ኢንተርሎክ (እየተነፈሱ ሞተር የሚያስነሱበት መሣሪያ) ከታዘዘባችሁ በምትኖሩበት አካባቢ አስገጥማችሁ ሪፖርቱ ለድሮው ስቴት እንዲላክ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የወር ኪራይ ስላለው በጀት ውስጥ ይግባ።

*ኡበርና ሊፍት ለሚያስብ።* ላይሰንሱ መመለሱ ለብቻው አይበቃም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጉ ራሱ ባለፉት 7 ዓመታት በዲዩአይ የተፈረደበትን ሰው ከዚህ ሥራ ያግዳል። ፍርዱ የድሮ ከሆነ ይህ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው፤ የሚቆጠረው ከፍርዱ እንጂ ላይሰንሱ ከተመለሰበት ቀን አይደለም። አዲስ መኪና በብድር የምትገዙት ግን ምርመራውን ካለፋችሁ በኋላ ይሁን።

*ትራክ ለሚነዳ።* እዚህ የፌዴራል ሕግ ይገባል። የመጀመሪያ ዲዩአይ በግል መኪናም ቢሆን ሲዲኤልን (የትራክ መንጃ ፈቃዱን) 1 ዓመት ያግዳል፤ አደገኛ ዕቃ ጭኖ ከነበረ 3 ዓመት። ሁለተኛው የዕድሜ ልክ ነው፤ ስቴቱ ከፈቀደ ከ10 ዓመት በኋላ ሊታይ ይችላል። ሁለት ያለበት ሰው ለሲዲኤል ትምህርት ቤት ሺዎች ከመክፈሉ በፊት የመንዳት ታሪኩን ከሁሉም ስቴት ያውጣ። ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ሲቀበል ይህን ላይጠይቃችሁ ይችላል።

*ግሪን ካርድ ወይም ቪዛ ላለው።* ጠበቃ ላይ ገንዘብ ማውጣት የሚያዋጣው እዚህ ነው፤ ያውም ሁለት ዓይነት ጠበቃ፣ አንዱ የኢሚግሬሽን። አንድ ቀላል ዲዩአይ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ከአገር አያስወጣም። ከ2019 ወዲህ ግን ለዜግነት በሚታየው ጊዜ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲዩአይ ካለ መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል፤ ማስረዳቱ የአመልካቹ ሸክም ይሆናል። የዜግነት ፎርም ላይ የተጠረገ ሪከርድም ይጻፋል። በቪዛ ያለ ሰው ደግሞ በዲዩአይ መያዙ ብቻ ቪዛውን ሊያሰርዝበት ስለሚችል ወደ ኢትዮጵያ ከመብረሩ በፊት ይጠይቅ። ካናዳም ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ጠጥቶ መንዳትን ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች፤ ቶሮንቶ ሠርግ ያለው ሰው ድንበር ላይ እንዳይደነግጥ።

*ዓመታት ላልነዳ።* የድሮው ላይሰንስ ጊዜው ካለፈ አዲሱ ስቴት የጽሑፍና የመንገድ ፈተና እንደገና ሊጠይቅ ይችላል። ዲሲ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ ትሰጣለች። እገዳው እስኪነሳ እየጠበቃችሁ ማንዋሉን አንብቡ።

ማጽጃው ከተላከ በኋላ ወዲያው ዲኤምቪ አትሂዱ። መዝገቡ እስኪስተካከል ጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ለድሮው ስቴት ደውላችሁ «በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ነጻ ሆኛለሁ?» በሉ። አዎ ካሉ ማጽጃ ደብዳቤውን፣ የክፍያ ደረሰኙን፣ የክላስ ወረቀቱንና የነዋሪነት ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ኦሪጅናሉን አሳዩ እንጂ አትስጡ፤ ኮፒውን ስጡ። ሠራተኛዋ አሁንም «አለብህ» ካለች አዲስ ወረቀት አስወጡ። ሁለተኛ ስቴት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም በዚያው መንገድ ከስልኩ ይጀመራል።